ከፎቶው የጠፉት ሦስት ሴቶች

ዓለም ገና
ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለሌንጮ ቦጂያ
ናይሮቢ

አካም ጅርታ ኢልማ ኮ። ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ክረምቱ ሲወጣ ይሻለኛል ብዬ ነበር፣ እስካሁን ግን ደረጃ ስወጣ ያመኛል። ቤቱም ደህና ነው። መንገዱ ሊሰፋ ነው ብለው የስቱዲዮውን በረንዳ በቀይ ቀለም ምልክት አድርገውበት ሄደዋል፤ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። እኔም ምልክቱን እያየሁ ሥራዬን እሠራለሁ።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ መጻፌ እንደሚገርምህ አውቃለሁ። ስልኩንማ ሦስት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። መጀመሪያ ስደውል «ስብሰባ ላይ ነኝ» አልክ፣ ሁለተኛ ስደውል አነሳህና ተጣላን፣ ሦስተኛውን ጭራሽ አላነሳኸውም። በቴሌግራም የጻፍኩልህንም አይተህ ዝም አልክ። ማየትህን ምልክቷ ትነግረኛለች፣ ያን ያህል ኋላ ቀር አይደለሁም። ስለዚህ በእስክሪብቶ ጻፍኩት። በእጅ የተጻፈን ነገር ማንም ከመሃሉ ሦስት መስመር አውጥቶ ምንም እንዳልነበረ አድርጎ ሊያስተካክለው አይችልም። የምታደርስልህ የጎረቤቴ ልጅ ሀሴት ናት፣ እዚያው ናይሮቢ ለትምህርት እየሄደች ነው። ለሌላ ሰው እንዳትሰጠው፣ እጅህ ላይ እንድታስቀምጠው አደራ ብያታለሁ።

አሁን የምታውቀውን ነገር ከመጀመሪያው ልንገርህ። አውቀዋለሁ ብለህ እንዳትዘለው፣ የምታውቀው ቢሆን ኖሮ ያደረግኸውን አታደርግም ነበር።

ማክሰኞ መስከረም 20 ጠዋት ወደ ስፖንጅ ፋብሪካው የሄድኩት ለሥራ ነው። የሠራተኞቹን መታወቂያ ሊያሳድሱ ስለነበር ጉርድ ፎቶ እንዳነሳላቸው ጠርተውኛል። ካሜራዬንና ነጩን ጨርቅ ይዤ በባጃጅ ደረስኩ። ግቢ ያስገቡኝ ጥበቃው ኦቦ ጉታ ናቸው። ኦቦ ጉታን ላንተ ማስተዋወቅ አይገባኝም ነበር፣ ግን የረሳሃቸው ይመስላል። አባትህ ሲሞት የዕድሩን ድንኳን በዝናብ የተከሉት፣ ሦስት ቀን ከደጃችን ያልራቁት፣ የዕድራችንን ዕቃ ቤት ቁልፍ አሥራ አንድ ዓመት የያዙት ሰውዬ ናቸው።

የፈረቃ ኃላፊው ቁርስ ሊበላ ወጥቷል። ሲወጣ ደግሞ ስፖንጁ የሚቆረጥበትን አዳራሽ ከውጭ በጓጉንቸር ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ነው የሄደው። ቁራጭ እየሰረቁ ያወጣሉ በሚል ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ውስጥ አሥራ አራት ሴቶች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ከወላይታና ከሐዲያ የመጡ ልጆች ናቸው፣ እሑድ እሑድ ከመንገዱ ማዶ ባለው የቆርቆሮ ጸሎት ቤት ሲዘምሩ የምሰማቸው። እኔ ነጩን ጨርቅ ግድግዳ ላይ ልሰቅል ስታገል በበሩ ሥር ጥቁር ጭስ ሲወጣ አየሁ። ስፖንጅ ሲቃጠል ሰው የሚገድለው እሳቱ ሳይሆን ጭሱ ነው አሉ። ወዲያው በሩ ከውስጥ ይደበደብ ጀመር።

ኦቦ ጉታ ቁልፍ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ አሉ። ቁልፍ የለም። ከዚያ አጥር ከሚሠሩት ሰዎች ዕቃ መሃል ዲጂኖ መንትፈው መጡና ጓጉንቸሩን በሦስተኛው ምት ገነጠሉት። ሴቶቹ እየተደገፉ ወጡ። አንድም ሰው አልሞተም። ተስፋነሽ የምትባለው ልጅ እጇ ተቃጠለ፣ ሌሎቹ በጭስ ታፍነው ሆስፒታል ገብተው በማግስቱ ወጡ። እኔ አንዷን በብብቷ ይዤ አውጥቼ አስቀመጥኩና ካሜራዬን አነሳሁ። ስንት ዓመት ሙሽራና ጉርድ ፎቶ ሳነሳ ኖሬ እንዲህ ያለ ነገር ፊቴ ሲሆን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ፎቶውን ታውቀዋለህ። በስተቀኝ ኦቦ ጉታ ዲጂኖውን እንደያዙ፣ ፊታቸው ጥላ ውስጥ ሆኖ። በስተግራ የተከፈተው በር፣ ከበሩ ሦስት ሴቶች ሲወጡ፣ መሃለኛዋ ተስፋነሽ የተቃጠለ እጇን በነጠላ ጠቅልላ። ማዕዘኑ ላይ እንደ ሁልጊዜው «ቦጂያ ፎቶ፣ ዓለም ገና» ይላል። ቤት ገብቼ ላንተ ብቻ ላክሁት። ከሥሩም «ልጄ ዛሬ እግዜር አወጣን፣ ኦቦ ጉታ ያደረጉትን እይ» ብዬ ጻፍኩ። አንተም «ዋው እማ፣ ምን ዓይነት ፎቶ ነው» ብለህ መለስክ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

በማግስቱ ጎረቤቴ እውነቱ፣ ኮምፒውተር ጽሕፈት ያለው ልጅ፣ ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣ። መሥሪያ ቤትህ የሚያወጣው የዜና ድረ ገጽ ላይ ፎቶዬ አለ። ግን ፎቶዬ አይደለም። አንድ ሰው ብቻ፣ ዲጂኖ፣ የተሰበረ በርና ጭስ። ተስፋነሽ የለችም። ሌሎቹ ሁለቱም የሉም። ሴቶቹ በነበሩበት ቦታ ላይ ጭስ ተዘርቶበታል። ጥላ ውስጥ የነበረው የኦቦ ጉታ ፊት በርቷል፣ የዓለም ገና ሕፃን ሁሉ እንዲያውቃቸው ሆኖ። የአባትህ ስም ከማዕዘኑ ተፍቋል። ከሥሩ «ፎቶ፦ ከማኅበራዊ ሚዲያ» ይላል። ከላይ ደግሞ በትልቁ፣ የፋብሪካ ቃጠሎን ተገን አድርጎ ዘረፋ መፈጸሙ ተጽፏል።

ልጄ፣ ያን ቀን ደሜ ፈላ። ሰው በተሰበሰበበት «ይህን የሠራ እጁ ይሰበር» አልኩ። ቤት ገብቼ ስቀመጥ ነው ፎቶውን የላክሁት ለአንድ ሰው ብቻ መሆኑ ትዝ ያለኝ። ያን እርግማን እንዲያነሳልኝ እግዜርን እስከ ዛሬ እየለመንኩት ነው።

እንደዚያም ሆኖ ላለማመን ሞከርኩ። ምናልባት ከኮምፒውተሩ ሌላ ሰው ወስዶበት ይሆናል አልኩ። ከዚያ ምስሉን አጉልቼ ጭሱን አየሁት። በሩ አጠገብ ያለው ጥቅልል ጭስና ከላይ ያለው ጥቅልል አንድ ነው፣ አንዱን ቀድተህ ሌላው ቦታ ላይ ለጥፈኸዋል። ይህን ስህተት የሙሽራ መጋረጃ ስታስተካክል ጀምሮ ትሠራዋለህ። «ልጄ፣ ጥግ ጥጉን ለውጠው፣ ዓይን ያውቀዋል» ብዬ ስንቴ ተቆጥቼሃለሁ። ናይሮቢ ሄደህም አልተውከውም። በሁለት ጥፋት ተናደድኩብህ፣ አንደኛው በመሥራትህ፣ ሁለተኛው ደግሞ አበላሽተህ በመሥራትህ።

ስልኩን ያነሳህ ቀን ያልከኝን አልረሳሁም። «እማ፣ ፍሬሙ ተጨናንቆ ነበር። አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ነው ኃይል የሚኖረው። ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፣ የጻፈው አርታኢው ነው።» አርታኢህ ኦቦ ጉታን አያውቃቸውም። ያየው አንተ የሰጠኸውን ነው፣ ብረት የያዘ ሰውዬና የተሰበረ በር። ሴቶቹን ቢያያቸው ዘራፊ ብሎ ይጽፍ ነበር? ከዚያ ስለ አባትህ ስም ስጠይቅህ «ቴክኒካል ነው፣ ሎጎ ያለበት ፎቶ አናወጣም» አልከኝ። እሺ፣ ከፎቶው ላይ አይሁን፣ ከሥሩ «ደጊቱ፣ ቦጂያ ፎቶ ቤት» ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል? ከማኅበራዊ ሚዲያ ነው እንዴ የወለድኩህ?

ቀጥሎ የሆነውን ግን የምታውቅ አይመስለኝም። ኦቦ ጉታን ነጻ ለማውጣት ብዬ ትክክለኛውን ፎቶ በስቱዲዮው የፌስቡክ ገጽ ላይ ለቀቅሁት። በሁለተኛው ቀን ጠፋ። በእንግሊዝኛ መልእክት መጣልኝ፣ ጎረቤቴን እውነቱን አስነበብኩት። «ምን ይላል?» ስለው አንገቱን እያከከ፣ «እትዬ፣ ይህ ፎቶ የሌላ ድርጅት ነው፣ የቅጂ መብት ጥሰሻል፣ ከደገምሽ ገጽሽ ይዘጋል ነው የሚለው» አለኝ። ድርጅቱ ማን እንደሆነ ስጠይቀው የመሥሪያ ቤትህን ስም አነበበልኝ። ያነሳሁት እኔ። በሩ ፊት የቆምኩት እኔ። ጭሱ እስከ ዛሬ የሚያስለኝ እኔን። ባለቤቱ እናንተ፣ ሌባዋ እኔ። ሳቅሁ፣ ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ፣ እውነቱም ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ቆመ።

ኦቦ ጉታ አሁን ተከሰዋል። ፋብሪካው ሴቶቹ የወጡት በኋላ በር ነው፣ የከፈተላቸውም ፈረቃ ኃላፊው ነው አለ። ኦቦ ጉታ ደግሞ በግርግሩ የፊተኛውን በር ሰብረው ዕቃ ሊያወጡ ነበር ብሎ ከሰሳቸው። የከሳሾቹ ማስረጃ ምን መሰለህ? ያንተ ፎቶ ነው። በትልቁ አትመው ፋይሉ ውስጥ አስገብተውታል። ሥራቸውን አጥተዋል፣ ለጊዜው በዋስ ወጥተዋል። ከዚህ ሁሉ ግን እሳቸውን የሰበራቸው የዕድሩ ነገር ነው። ባለፈው ሳምንት ዕድሩ ተሰብስቦ «ነገሩ እስኪጣራ» ተብሎ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ተቀበሏቸው። እኔ ተቃወምኩ፣ ሌሎችም ተቃወሙ፣ በድምፅ ተሸነፍን። ኦቦ ጉታ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ። ልጃቸው አቤኒም ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ አንድ ሳምንት ቤት ውላለች፣ ልጆቹ ምን እንደሚሏት መገመት ትችላለህ።

ተስፋነሽን ፍለጋ ቡራዩ ድረስ ሄጃለሁ። ፋብሪካው ሲዘጋ እህቷ ጋ ገብታለች፣ ብሎኬት ከሚመረትበት ግቢ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተዋል። ሦስት ታክሲ ቀይሬ ደረስኩ። እጇ ገና አልዳነም፣ በግራ እጇ ነው የምትሠራው። ፎቶህን አሳየኋት። ብዙ አየችው። «እትዬ፣ እኔ እመሰክራለሁ» አለችኝ፤ «ሌሎቹ ግን አይመጡም፣ ብዙዎቹ አገራቸው ገብተዋል፣ ፎቶው ላይ የነበሩት ሁለቱ ደግሞ ሱሉልታ ውሃ ማሸጊያ ተቀጥረዋል፣ ሥራው አዲስ ስለሆነ ፈቃድ አይሰጧቸውም። እኔስ ብመሰክር እዚያ አልነበርሽም ቢሉኝ ምን እላለሁ? እኔ ራሴ ሳየው እዚያ የለሁም።» ይህን ያለችው በቁጣ አልነበረም። የእሷን ቁጣ እኔ ተቆጥቼላታለሁ።

ጥቅምት 20 ፍርድ ቤት ቀርቤ መሰከርኩ። የኔን ፎቶ አቀረብኩ። ዐቃቤ ሕጉ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ሥራውን ነው የሠራው። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ይዞ፣ «ወይዘሮ ደጊቱ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ፎቶ አንሺ ነኝ።»

«ያነሳሉ ብቻ ወይስ ያስተካክላሉም?»

«አስተካክላለሁ።»

«በፎቶ ላይ ያልነበረ ሰው ጨምረው ያውቃሉ?»

ምዬ የቆምኩ ሰው ነኝ። አዎ አልኩ።

«የመናገሻውን ሟች ኦቦ ቦሩን ሱፍና ከረባት ያለበሷቸው እርስዎ ነዎት?»

ከኋላ የተቀመጠው ሰው ሳቀ። ኦቦ ቦሩ በሕይወታቸው ሱፍ ለብሰው እንደማያውቁ የማያውቅ የለም። አዎ፣ እኔ ነኝ አልኩ።

«ታዲያ እነዚህን ሦስት ሴቶች ከሌላ ቦታ አምጥተው አልጨመሩም ብለን እንዴት እንመን?»

ዳኛዋ የካሜራውን ካርድ ጠየቁኝ። ካርዱ ላይ ፎቶው የለም ልጄ። የዚያኑ ሳምንት እሑድ መናገሻ ሠርግ ነበረኝ፣ እንደ ልማዴ ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ ካርዱን አጥፍቼ ሠርጉን አነሳሁበት። ኮምፒውተሬ ላይ ያለውን ደግሞ እኔም ትንሽ ደምቆ እንዲታይ ነክቼ፣ የአባትህን ስም አኑሬ ነው ያስቀመጥኩት። ባለሙያ አይቶት «ይህም በማስተካከያ ፕሮግራም ያለፈ ነው» አለ። ሁለቱም ፎቶ የተነካ ሆነ። የኔ እውነትና ያንተ ውሸት እኩል ቆሙ። ዳኛዋ ተጨማሪ ማስረጃ ካለ ይቅረብ ብለው ለኅዳር 18 ቀጠሩ።

በስልክ ያልከኝን ያን ጊዜ አስታወስኩ። «እማ፣ እኛ ስንት ሰው ሱፍ አልብሰናል፣ ምን ልዩነት አለው?» ብለኸኝ መልስ አጥቼ ስልኩን ዘግቼብህ ነበር። ሦስት ቀን አስቤ አሁን መልሱን አግኝቻለሁ። የኦቦ ቦሩ ሚስት መጥታ «በሕይወቱ ያልለበሰውን ዛሬ አልብሱልኝ» ብላ ራሷ ለመነችኝ። ከረባቱን ራሷ መረጠች፣ ቀዩ አይሆንም ሰማያዊው ይሁን ብላ። ለቅሶው ላይ ያየው ሁሉ ሱፉ የስቱዲዮ መሆኑን ያውቃል፣ ራሱ ለእናቱ አሠርቷልና። በዚያ ፎቶ ማንም አልተታለለም፣ ማንም አልታሰረም። ያ ሰውዬ ደግሞ ትዝ ይልሃል? በርስት ክርክር የሽማግሌዎችን የዕርቅ ፎቶ ይዞ መጥቶ «እኔም እዚያ እንደነበርኩ አድርጋችሁ አስገቡኝ» ያለው? አባትህ ምን አደረገ? ፎቶውን መለሰለትና በሩን ከፈተለት። «ይሄ ለግድግዳ አይደለም፣ ለዳኛ ነው» አለው። ያን ወር ሥራ አልነበረንም፣ ግን አልሠራለትም። አንተም እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጠህ ሰምተሃል። ዜናም ለግድግዳ አይደለም ሌንጮ። የሚያየው ሰው እንደተነካ አያውቅም፣ እንድትነካለት የጠየቀህም የለም።

ይህን ስጽፍ ግን አንድ ነገር ያሳፍረኛል። ሰውን ከፎቶ ማውጣትን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። የተፋቱ ሰዎች ሲመጡ፣ ባልየውን ከሠርጉ ፎቶ አውጡልኝ ሲሉ፣ «ና ሌንጮ፣ እጅህ ቀላል ነው» እያልኩ ለአንተ እሰጥህ ነበር። ይህን የምለው ጥፋትህን ለመካፈል አይደለም። አስተማርሽኝ ብለህ ልታካፍለኝ እንዳትሞክር ነው።

ከዚህ የባሰም አለ፣ ሳልነግርህ አልዘጋውም። ገና ምርመራው ሳለ መርማሪው «እናት፣ ፎቶውን ለማን ለማን ላኩ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ስልኬ እጄ ላይ ነበር። ስምህ ከላይ ነው ያለው። እኔ ግን «ለብዙ ሰው ልኬዋለሁ፣ ማን እንደወሰደው አላውቅም» አልኩ። ዋሸሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ያገኘህበት ቀን ያለቀስኩት ትዝ አለኝና ዋሸሁ። ያ ቃሌ ተጽፏል። ዐቃቤ ሕጉም ያንኑ ይዞ «ፎቶው በብዙ እጅ ስላለፈ የትኛው ትክክል እንደሆነ ምስክሯ ራሷ አታውቅም» አለ። ኦቦ ጉታ የተከሳሽ ሳጥኑ ውስጥ ቆመው እያዩኝ ነበር። መዋሸቴ አልገባቸውም፣ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ፈገግ አሉልኝ፣ በርቺ ለማለት።

አሁን የምፈልገውን ልንገርህ። አንተ ጋ ሁለቱም አሉ፣ የደረሰህም የሠራኸውም፣ ደረጃ በደረጃው። እነሱን አያይዘህ «ሦስቱን ሴቶች ያወጣሁት እኔ ሌንጮ ቦጂያ ነኝ፣ ይህ የመጀመሪያው ነው» ብለህ ጻፍና በስምህ ፈርምበት። የኦቦ ጉታን ጠበቃ አድራሻ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። መሥሪያ ቤትህም ስህተቱን ባወጣበት ቦታና መጠን ያርመው፣ ፎቶውን እንዳለ ያውጣው፣ የኦቦ ጉታንም ስም በሙሉ ይጻፈው። «ሥራዬን አጣለሁ» ብለሃል። ልታጣ ትችላለህ። አላጣም ብዬ አላጽናናህም፣ ኦቦ ጉታን ያጽናናቸው የለም።

ሥራህን ካጣህ ቤትህ አለ። የኋለኛው ክፍል እንደተውከው ነው፣ አላከራየሁትም። እናደዳለሁ፣ እጮሃለሁ፣ ከዚያ ምሳ አቀርብልሃለሁ።

ካልጻፍክ ደግሞ ኅዳር 18 እኔ እናገራለሁ። የቀድሞ ቃሌ ሐሰት ነበር ብዬ፣ ስልኬን ከፍቼ፣ ያንተን መልስ ጭምር አነብላቸዋለሁ። በሐሰት መመስከሬ ምን እንደሚያመጣብኝ ጠበቃውን ጠይቄዋለሁ፣ ነግሮኛል፣ ተዘጋጅቻለሁ። ስምህን ግን ከኔ አፍ ከሚሰሙት ካንተ እጅ ቢያነቡት ይሻለኛል። በዚህ ላይ ልታባብለኝ አትደውል። ለሌላ ነገር ደውል፣ ለመታረቅም ቢሆን ደውል።

ዛሬ ጠዋት ይህን እየጻፍኩ ሳለ ኦቦ ጉታ መጡ። ለማን እንደምጽፍ ጠየቁኝ፣ ለሌንጮ ነው አልኳቸው። ደስ አላቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ደጊቱ ኮ» አሉኝ፣ «እሱ እዚያ የዜና ሰው አይደል? የሚያውቀው ሰው አይጠፋም። ያንን ፎቶ የሠራውን ሰው ይፈልግልኝ።»

«አግኝተው ምን ሊያደርጉት ነው?» አልኳቸው።

«ምንም። ልከሰውም አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቀው ነው፤ ሴቶቹን አላያቸውም ነበር ወይ?»

እሺ፣ እጽፍለታለሁ አልኳቸው። ይኸው ጻፍኩልህ።

ዋቃዮ ሲ ሃ ኤጉ፣ ልጄ። ከክፉ ይጠብቅህ፣ ከራስህም ይጠብቅህ፣ እውነቱን የምትጽፍበትን ልብ ይስጥህ። እጅህን ይባርክልህ፣ ያልኩትን ሁሉ ተወውና ይባርክልህ።

የምትወድህ እናትህ
ደጊቱ
ቦጂያ ፎቶ ቤት፣ ዓለም ገና